ሄሊኮፕተሩ ቻርጅ ላይ ነው

ቤታችን ሄሊኮፕተር አለው። ቨርጂንያ ያለው የባለቤቴ ወንድም ለልጃችን ብሎ በሰው የላከው፣ 40 ግራም ያህል የሚመዝን፣ በሪሞት የሚበር መጫወቻ ነው። ለልጃችን መባሉ ለወጉ ያህል ነው። አስነሺውም አብራሪውም እኔ ነኝ፤ ልጄን እስካሁን የደረሰው ወረፋው ነው።

መመሪያው እንደሚለው 40 ደቂቃ ቻርጅ ተደርጎ ሰባት ደቂቃ ይበራል። በዚህ ሒሳብ ሄሊኮፕተር አለን ከማለት ቻርጀር አለን ማለት ይቀላል። እሑድ ቡናው ሲታጠብ ይሰካል፣ አቦል ሲቀዳ ይነሣል፣ ቶና ሳይደርስ ወድቋል። በረካን አይቶ አያውቅም። አማቴ ይህን ሁሉ ከዱካቸው ላይ ሆነው ሲታዘቡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲበር ካየሁት ሲበላ ያየሁት ይበልጣል» አሉኝ።

የሚበላው ቢታይ ደግሞ ምንም አይደለም። ባትሪው 3.7 ቮልት፣ 150 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ 5000 ያህል ይይዛል፤ ከሠላሳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ባለቤቴ እንጀራ የምትጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ሄሊኮፕተሩ ለአንድ በረራ የሚያስፈልገውን ኃይል ምጣዱ በግማሽ ሰከንድ አካባቢ ይጨርሰዋል። እንጀራው አንዲት ዓይን እንኳ አያወጣበትም። ይህን ውጤት ለባለቤቴ በደስታ ነገርኳት። «እንግዲያው ምጣዱን ነቅለህ እሱን አትሰካ» አለችኝ፤ ሁለቱ የሚሻሙበት የዲቫይደር ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ።

ታዲያ ለግማሽ ሰከንድ የምጣድ ቀለብ 40 ደቂቃ ምን ያስፈልጋል? ሊቲየም ባትሪ በጥድፊያ አይጎርስም። ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም አየኖች ከአንዱ ወገን ተነሥተው ወደ ሌላው ይሻገሩና በካርቦን ድርብርቦች መካከል ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ካጣደፏቸው ቦታ ያጡት ደጅ ላይ ይለጠፋሉ፤ ባትሪውም ይጎዳል። ደንበኛ ቻርጀር ስለዚህ በመጀመሪያ እኩል እኩል እየሰጠ ይቆያል፤ 4.2 ቮልት ሲደርስ ግን ቮልቴጁን እዚያው ይዞ ከረንቱን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚህ ባትሪ መወለድ ትልቅ ድርሻ ያላቸው ጆን ጉድኢናፍ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ97 ዓመታቸው ነበር። ባትሪው መታገሥን ከማን እንደወረሰ አያጠራጥርም።

ዋናው ፈተና ቻርጀሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ናት። የእነዚህ መብራቶች ጠባይ እንደየፋብሪካው ይለያያል፤ አንዷ ባትሪው ሲሞላ ትበራለች፣ ሌላዋ ሲሞላ ትጠፋለች። የእኛዋ ሲሞላ የምትጠፋው ናት። መብራት በማይሄድበት አገር ይህ ምንም አይደለም። እኛ ሰፈር ግን መብራቷ ጠፋች ማለት ወይ ባትሪው ሞልቷል፣ ወይ መብራት ሄዷል ማለት ነው፤ በጠራራ ቀን ደግሞ መብራት መሄዱ በምን ይታወቃል? ልጄ «ሞላ!» ብሎ ይነቅላል፣ እኔ አስነሣለሁ፣ ሄሊኮፕተሩ ከምንጣፉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ሶፋ ሥር ይገባል። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «መብራት የለም እንዴ?» የምትለው ይኼኔ ነው። ስለዚህ የበረራ ደንብ አወጣን፦ ቀይዋ ስትጠፋ መጀመሪያ የሳሎኑ አምፖል ይሞከራል፤ አምፖሉ ካልበራ በረራ የለም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሪሞቱ ተራ ነው። ሆዱ ውስጥ ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይዟል፤ ከውስጡ በሚወጣ ቀጭን ገመድ ሄሊኮፕተሩን ከእነሱ ላይ ይቀልበዋል። ድንጋዮቹ እንደዚህ ሲሆኑ ቶሎ ይደክማሉ። አጎቴ ግን በሬዲዮ ዘመን ያደጉ ሰው ናቸውና አይጨነቁም፤ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ነከስ ነከስ ይደረጋል፣ ቢያንስ ለአንድ ዜና ነፍስ ይዘራል። ሙቀት ኬሚካሉን ትንሽ ያነቃቃዋልና ጨርሶ ውሸት አይደለም። ችግሩ የሄሊኮፕተሩንም ባትሪ በዚያው መድኃኒት ሊያድኑት መነሣታቸው ነው።

«እስቲ ፈልቅቀህ አውጣውና ወዲህ በለው» አሉኝ፣ ጥርሳቸውን እያዘጋጁ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ሊቲየም ነው። ቢነክሱት ይነክሳል።»

ቀልድ አልነበረም። እንዲህ ያለ ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ ውስጡ ያሉት ስስ ንጣፎች ይነካካሉ፤ ይግላል፣ ያብጣል፣ በእሳትም ሊያያዝ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ብቻዬን አይደለሁም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጎረቤቴም የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ማታ ማታ እሱ ከግቢው፣ እኔ ከበረንዳው እንተያያለን። «እንደምን አመሸህ» ቀርቷል፤ «ስንት ደረሰልህ?» ነው የምንባባለው። የእሱ መኪናና የእኔ ሄሊኮፕተር የሚበሉት አንድ ዓይነት ምግብ ነው፤ ልዩነቱ እሱ በጠገበ ጊዜ ቢሾፍቱ ደርሶ መመለሱ፣ እኔ ከቡፌው እስከ መጋረጃው መሄዴ ነው። ደጅ እንዳላወጣው ሪሞቱ የሚያዘው በኢንፍራሬድ ጨረር ነውና የፀሐይ ብርሃን ያደናግረዋል፤ ነፋስ ካገኘው ደግሞ ጣሪያ ላይ ነው የሚገኘው።

እንግዲህ ሄሊኮፕተር የገባበት ቤት ይህን ይያዝ። ከበረራ የመጣ ባትሪ ሳይበርድ አይሰካ፤ ተሰክቶ ሳለ ሰው ትቶት አይተኛ፣ ከቤትም አይውጣ፤ ያበጠ ባትሪ ዳግም ቻርጅ አይደረግ። ከቨርጂንያም ከዱባይም ለልጆቻችን የምታስቡ ዘመዶቻችን ደግሞ፣ እባካችሁ ሄሊኮፕተር ስትልኩ ሁለት አድርጋችሁ ላኩ። ሁለተኛው ለልጁ ይሁን።