አውሮፕላኑ ቦሌ ያደርሳል፤ ከዚያስ?

ኧረ ይህ የመንገድ ነገር አንገሸገሸን! ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል ይሉናል። ይህን የሰማች በደቡብ ጎንደር፣ ወገዳ ያለች እናት ልጇ «ተሳፈርኩ» ብላ ከደወለች በማግስቱ በር በሩን ታያለች። አውሮፕላኑ የሚያደርሰው ግን ቦሌ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚቆጥርልን የለም።

ቦሌ ላይ የፓስፖርቱ ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቁ አለ። የባሕር ዳሩ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም ካመለጠ አልጋ ይዞ ማደር ነው። ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና ፍለጋ መናኸሪያ። ማለዳ ያልደረሰ መኪና አያገኝም፤ የደረሰም እስኪሞላ ይቀመጣል። በላስቲክ የተጠቀለለ ሻንጣ ያየ ረዳት ዋጋውን የሚናገረው ጣሪያ ላይ አውጥቶ ካሰረው በኋላ ነው። ቀጥሎ የጉና ተራራ ብርድ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃው። ባሕር ተሻግራ የመጣች ልጅ ደጇ ስትደርስ እግሯ አብጦ፣ ሰላምታ መመለስ እንኳ ከብዷት ነው።

መመለሱ ይብሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሰውም ጭነትም ነዳጅም ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እንደ ሎሜ፣ ደብሊን ወይም ሮም ያለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ነፋሱም ከፊት ይገፋዋል። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ የፈረንጅ ነው። 08:00 የሚለውን ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት፣ ጠዋት 2 ሰዓት የሄደ አውሮፕላን ያመለጠው ስንት ሰው አለ!

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ልቅሶ ነው። በእኛ አገር አስከሬን አይቆይም፤ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀበራል። መርዶ የሰማ ልጅ በዚያው ሰዓት ቢነሣ እንኳ ለቀብር አይደርስም፤ ለሣልስት ከደረሰም ተመስገን ነው። አሜሪካስ ሩቅ ነው እንበል። ብዙ እህቶቻችን የሚሠሩባት ጅዳ ከአዲስ አበባ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በረራው ሦስት ሰዓት አይሞላም። ከጅዳ ቦሌ ከመምጣት ይልቅ ከቦሌ ወገዳ መግባት ይረዝምባቸዋል።

ወገዳና አዲስ አበባ በአየር መስመር ቢለካ 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የዓባይና የበሽሎ ገደል መሀል ስላለ ግን በባሕር ዳር የሚዞር መንገደኛ ከዚያ እጥፍ በላይ ይጓዛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥትና በፋኖ መካከል የተነሣው ጦርነት ተጨመረ፤ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። በዚያው ነሐሴ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የላሊበላ በረራም ተቋርጦ ነበር።

ገደሉን ፈጣሪ ሠራው፤ እሺ። ሰላም ማውረድ፣ ድልድይ መዘርጋት፣ በሰዓቱ የሚነሣ መኪና መመደብ ግን የሰው ሥራ ነው። ውቅያኖስ የሚያሻግር አገር አንድ ወረዳ ማድረስ እንዴት ያቅተዋል? ልጅ አባቱን አፈር ሊያለብስ ይገባዋል፤ ይህ ቅንጦት አይደለም።