የርግቦቹ ቆጠራ

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት በካርቱም፣ አራዊት ማሽላ እየተለዋወጡ ይኖሩ ነበር። ከኡምዱርማን ዳርቻ እስከ ቱቲ ደሴት ከረጢት ተሸክሞ መሻገር ግን አህያን ሳይቀር አማረረ። አንድ ቀን እመት ጦጢት ሾላ ላይ ወጥታ፣ «ማሽላው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚንቀሳቀሰው ስሙ ብቻ ይሁን» አለች።

ርግቦች ለምስክርነት ተሰበሰቡ። ሚዳቋ ለጥንቸል ሁለት ቁና ስትሰጥ፣ «ከሚዳቋ ወደ ጥንቸል፣ ሁለት!» እያሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ ሁሉም ያስታውሳሉ። አንዷን ርግብ በጥሬ ማባበል ይቻላል፤ ሺሕ ርግብ ማባበል ግን ከሚሰረቀው ማሽላ በላይ ያስወጣል። ማጭበርበር የቀረው በዚህ እንጂ በርግቦቹ ጨዋነት አልነበረም።

ቀበሮ ይህን ሲያይ ዋለ። በማግስቱ ጉድጓድ ውስጥ ምንም ያልተቀመጠለት ስም ይዞ መጣ። «ወርቅ ላባ» ይባላል። ቢትኮይን በ21 ሚሊዮን እንደታጠረ ሁሉ፣ ላባውም ከ21 አያልፍም፤ ርግቦቹም ቆጥረው መሰከሩ። ላባውን በዓይኑ ያየ ግን የለም። የላባ ሩብ፣ የሩብ ሩብ ይገበያዩ ጀመር። ጠዋት በአንድ ቁና የገዛ ቀትር ላይ በሦስት ሸጠ። ጥንቸል መኖሪያዋን ሸጣ ገባችበት። «አያ ጅቦ፣ አንተም ሥጋ ትተህ?» ቢሉት፣ «ሥጋ ይሸታል፤ ይኼ አይሸትም» አለ።

እመት ኤሊ ብቻ ጠየቀች። «ሁላችሁም የምትገዙት መልሳችሁ ልትሸጡት ነው። የመጨረሻው ገዢ ማን ነው?»

«አንቺ ነሻ፣ እመት ኤሊ!» አለ ቀበሮ። «እስክትደርሺ እየጠበቅን ነው።»

አንበሳ አዋጅ አስነገረ፦ ከእኔ ማኅተም ውጭ ያለው ገንዘብ አይደለም፤ ብትከስሩ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። (የሱዳን ማዕከላዊ ባንክም፣ የእኛው ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. ስለ ክሪፕቶ አስጠንቅቀዋል።) አዋጁ እውነት ነበር። ችግሩ የአንበሳ ማኅተም ያለበት ቁና ራሱ በየክረምቱ እየጎደለ መሄዱ ነው። አራዊቱ ወደ ላባ የሸሹት ቀበሮን አምነው ሳይሆን አንበሳ ሰልችቷቸው ይመስለኛል።

አንድ ማለዳ ላባው ገዢ አጣ። ጥንቸል ሜዳ ላይ አደረች፤ ቀበሮ ቀድሞ ተሻግሯል። ይህ እንግዲህ የተረቱ ትንሹ ክፍል ነው።

አንበሳና ከአንድ ማዕድ ሲበላ የኖረው ነብር ተጣሉ። ጉድጓዶቹ ተዘረፉ፣ ሾላው ተቃጠለ። ተረት ቀን የለውም፤ በከተማዋ ግን ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ባንኮች ተዘጉ፣ ጥሬ ገንዘብ ጠፋ፤ «ባንካክ» የሚባለው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ግን፣ እየተቆራረጠም ቢሆን፣ ዳቦ መግዣ ሆነ። ባንካክ ክሪፕቶ አይደለም፤ መዝገቡን የሚይዘው አንድ ባንክ ነው። የተራበ ሰው የሚጠይቀው ግን ኔትወርክ መኖሩን ነው።

ርግቦቹ ቆጠራውን አልረሱም። አንበሳ ወዲህ ማኅተሙን ቀየረ፤ ነብር ወዲያ አሮጌውን አጸና፤ በ2017 ዓ.ም. አዲሱ የሱዳን ፓውንድ ሲወጣ እንደሆነው ሁሉ፣ የአንዱ ዳር ገንዘብ በሌላው ዳር አልሠራም አለ። ወንዙን የሚሻገረው የርግቦቹ ድምፅ ብቻ ሆነ። ድምፁ የሚሰማው ደግሞ ከእሳት ከተረፈ ከአንድ ቅርንጫፍ ሥር ነው። እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ቁራ ተቀምጧል። ካርቱም ውስጥ ቅርንጫፉ ስታርሊንክ ይባል ነበር፤ በሰዓት ይከፈልበት ነበር።

ወደ ግብፅ የተሰደደችው የኤሊ ልጅ ለእናቷ አሥር ቁና ላከች። «ወደ እመት ኤሊ፣ አሥር!» ሲባል ኤሊ እየተጎተተች ደረሰች።

«ሰባት ትወስጃለሽ» አላት ቁራ።

«አሥር ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የሰማሽው በእኔ ቅርንጫፍ ነው፤ ለመስሚያው አንድ። ማሽላውን ከነብር ዘበኞች ደብቄ ያቆየሁትም እኔ ነኝ፤ ለመደበቂያው ሁለት።»

«ቀበሮ ይሻል ነበር።»

«ቀበሮ ማሽላ ነበረው?»

ኤሊ አሰበች። «እሺ ስፈር» አለችው፤ «ቁናውን ግን እኔ ልያዘው።»