በድመት ፓስፖርት እንድገለገል ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት
ብራስልስ

ለንደን፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በርእሱ የተመለከተው ይሆናል

ክቡራን ሆይ፣

እኔ አመልካች ኢትዮጵያዊ፣ የለንደን ነዋሪ፣ የሥራ ፈቃድ ያለኝ፣ ግብሬን በወቅቱ የምከፍልና ሽሮ የምትባል ድመት ባለቤት ስሆን፣ ከዚህ በታች የሰፈረውን አቤቱታ በትሕትና አቀርባለሁ። ከዘረዘርኳቸው ማዕረጎች የመጨረሻውን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ሌሎቹን ለማሳመን ክምር ወረቀት ተሸክሜ መሄድ አለብኝ። የድመት ባለቤትነቴን ግን አሥራ ሁለት ኮከብ ባለበት ሰማያዊ ደብተራችሁ ላይ ስሜ ሰፍሮ እናንተው መስክራችሁልኛል።

ሽሮን ያገኘኋት ሮተርዳም ተማሪ ሳለሁ ነው። ስሟ የወጣላት ከመልኳ ነው፤ በርበሬ ያነሰው ሽሮ ትመስላለች። ትምህርቴን ጨርሼ ለንደን ሥራ ሳገኝ ድመት የሚፈቅድ ቤት ወዲያው አልተገኘምና ለጓደኛዬ በአደራ ሰጥቻት ሄድኩ። አደራ ተቀባዩ አደራውን አልበላም፤ እንዲያውም ከእኔ በተሻለ አቀማጥሎ ያዛት። ዘንድሮ ግን እሱ ወደ ሌላ ቤት ሊገባ ሆነ፣ አዲሱ አከራይ ደግሞ እንስሳ የሚባል አልፈልግም አለ። እኔም በበኩሌ ዓርብ ማታ ሄጄ፣ ወዳጄን ጠይቄ፣ እሑድ ሌሊት ድመቴን ይዤ ልመለስና ሰኞ ሥራ ልገባ አሰብኩ። የሰንበት ጉዳይ ነው ብዬ ነበር።

በቅድሚያ ስለ ሽሮ ወረቀቶች ላስረዳ። ከኔዘርላንድ ወጥታ እንግሊዝ ለመግባት ከቆዳዋ ሥር ማይክሮቺፕ ያስፈልጋታል፤ 15 አኃዝ ያለው ቁጥሯ በኔዘርላንድ መለያ በ528 ይጀምራል። 12 ሳምንት ከሞላት በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መወጋት፣ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም 21 ቀን መቆየት አለባት። ይህ ሁሉ ፓስፖርቷ ላይ ይመዘገባል፣ አለቀ። ውሻ ብትሆን ኖሮ እንግሊዝ ከመግባቷ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሶ መድኃኒት መዋጥ ነበረባት፤ ድመት በመሆኗ ከዚህም ተርፋለች። ፓስፖርቷ ላይ ፎቶግራፍ መለጠፍ እንኳ ግዴታ አይደለም። የሚያበቃበት ቀንም የለውም፤ ክትባቷ እስከታደሰ ድረስ ዕድሜ ልኳን ያገለግላታል። ለምን እንደምትሄድ፣ የት እንደምታድር፣ ባንክ ውስጥ ስንት እንዳላት የሚጠይቃት የለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንባችሁ ቁጥር 576 አንድ ሰው እስከ አምስት እንስሳ ይዞ እንዲጓዝ ፈቅዷል። አምስት ድመት ቢኖረኝ አምስቱም ያልፉ ነበር ማለት ነው፤ በር ላይ የሚቀረው እረኛቸው ነው።

የእረኛው ወረቀት እንዲህ ነው። ፓስፖርቴ ባለፉት አሥር ዓመታት የወጣ፣ ከእናንተ ዘንድ ከምወጣበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የአሥር ጣቶቼ አሻራ፣ የአሠሪዬ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳቤ ዝርዝር፣ ለኔዘርላንድ ደግሞ በቀን 55 ዩሮ እንዳለኝ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ማመልከቻው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቢፈቀድም ቢከለከልም አይመለስም። ጋባዤም አልቀረለትም፤ የግብዣ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የራሱ መሆኑን ለማስመስከር ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። በዚያው ሰሞን ሽሮን ወደ ሐኪሟ ወስዷት ነበር። የእሷ ጉዳይ ከፊርማው ቀድሞ አለቀ።

የጉዞ ኢንሹራንሱን ለብቻው ማንሣት እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ያስቀኛልና። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ሆኖ፣ ብታመም መታከሚያዬን፣ ብሞት ደግሞ ሬሳዬ የሚመለስበትን ወጪ እንዲጨምር አዛችኋል። ሞቼ እንኳ እንዳልቀርባችሁ ዋስ ጠርታችሁብኛል። ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ።

ስሙን የማልጠራው አንድ የማመልከቻ ማእከል ውስጥም ትንሽ ተከራክረናል። ቅጹ ላይ የጉዞ ዓላማ በሚለው ሥር ጉብኝት፣ ንግድ፣ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ መጠየቅ፣ ስፖርት፣ ሕክምና እያለ የሚወርድ የሣጥን ሰልፍ አለ። ድመት መውሰድ የሚል ሣጥን የለም። ወዳጅ መጠየቅ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ሐቀኛ ነኝና፣ ስለ ሽሮም በቃል አስረዳሁ። ወረቀቴን የተቀበለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ድመት እኮ ለንደን ውስጥም ሞልቷል» አለች። ልክ ናት። ወዳጅም ለንደን ውስጥ ሞልቷል፤ ሰው ግን የራሱን ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ምክር ቤታችሁ በኢትዮጵያውያን የቪዛ አሰጣጥ ላይ ውሳኔ አሳለፈ። ለሌላው አመልካች 15 ቀን የሆነው መደበኛው የመልስ መስጫ ጊዜ ለእኛ 45 ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጠን ተደረገ። ከሚጠየቀው ማስረጃ አንዱን «ይህስ ይቅርላችሁ» የማለት ሥልጣን ከቆንስላዎቻችሁ እጅ ተነሣ። በዲፕሎማቲክና በሰርቪስ ፓስፖርት የሚሄዱ ሹሞቻችንም ከክፍያ ነጻ መውጣታቸው ቀረ። የመጨረሻውን በተመለከተ አልዋሽም፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ሹም ከሕዝቡ ጋር እኩል ሲከፍል ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ምክንያታችሁንም አንብቤአለሁ፤ በአገራችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ያላገኙ ኢትዮጵያውያንን መንግሥታችን ለመቀበል በበቂ አልተባበረም፣ የጉዞ ሰነድ ለመስጠትም ይዘገያል የሚል ነው። ይሁን፣ እውነት ነው እንበል። የመንግሥታችንን ዝግታ ለእኔ ለማስረዳት መድከም የለባችሁም፤ አዲስ አበባ ፓስፖርት ለማውጣት ሰልፍ የያዘ ሰው ዝግታን ከብራስልስ አይማርም። ያልገባኝ የቅጣቱ አድራሻ ነው። ተመለሱ የተባሉት ሌሎች ናቸው፣ ቶሎ አልተቀበለም የተባለው መንግሥት ነው፣ ሰላሳ ቀን የተጨመረበት ደግሞ ድመቷን ሊወስድ የተነሣ ሰውዬ።

ይህን በድመት ሕግ መዝኑት። አንዲት የሮተርዳም ድመት በመስኮት ዘልላ ብትጠፋ የሽሮ ጉዞ በአንድ ቀን እንኳ አይዘገይም። የእናንተ ሕግ ድመትን የሚመረምረው በደሟና በቆዳዋ ውስጥ ያለውን ነው። እኔን የሚመረምረኝ በልቤ አለ ብሎ የጠረጠረውን ነው፤ የመመለስ ሐሳብ አለህ ወይስ የለህም? ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚል ተረት አለን። አያቶቻችን ለድመት ያሉትን እናንተ ድመቷን ነጻ አውጥታችሁ ለእኛ አደረጋችሁት።

«ድመትም እኮ በአገሯ ትለያለች» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ሽሮ የመጣችው ከአዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችንን አልለቀቀም፣ እናንተም ሥጋታችሁ ተገቢ ነው። ከአገራችን የሚመጣ እንስሳ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ ይመረመራል፤ የመከላከያው መጠን 0.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስት ወር ጠብቆ ይገባል። ረጅም ነው፣ ያማርራል፣ ግን ደጁ ቁልፍ አለው። የአዲስ አበባ ድመት ደሟን ሰጥታ፣ ፈተናዋን አልፋ፣ ቀኗን ቆጥራ ትገባለች፤ ጎረቤቷ ያለችው ድመት ስላልተከተበች «አንቺም ቅሪ» አትባልም። እኔስ የቱን ምርመራ ልለፍ? የመመለስ ሐሳቤ ከ0.5 በላይ መሆኑን የሚለካ ላቦራቶሪ ካላችሁ አድራሻውን ላኩልኝ፤ እጅጌዬን ጠቅልዬ እመጣለሁ።

በነገራችን ላይ የእንግሊዝ ድመቶች የእኛን ነገር ትንሽ ቀምሰዋል። ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ የሰጠቻቸው የእንስሳት ፓስፖርቶች በእናንተ ዘንድ ዋጋ አጡ፤ አሁን በየጉዞው፣ በመጡ ቁጥር፣ ከመግባታቸው በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የተፈረመ የጤና ምስክር ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ጎረቤቴ ያለች አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ይህን ስትነግረኝ በንዴት ተንቀጠቀጠች። «በየጊዜው አዲስ ወረቀት! በየጊዜው ክፍያ! ድመቴ ምን አጠፋ?» አለች። ቡና አፍልቼ አጽናናኋት። ከእኔ የተሻለ የሚረዳት ሰው አልነበረም።

ቪዛው በመጨረሻ መጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ። ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ላይ የድንበር ፖሊሱ የመመለሻ ትኬቴን ጠየቀኝ፤ የመርከቡን አሳየሁት። አንድ ሰው፣ አንድ ድመት ይላል። ደጋግሞ አነበበው፣ ፈገግ አለና ማኅተሙን መታልኝ። ለፍትሕ ሲባል ይህም ይመዝገብ፤ ማኅተም ከያዙት መካከል ሰው አለ።

ሮተርዳም እንደ ሁልጊዜዋ ነፋሻ ነበረች። ቅዳሜ የሽሮ ሽኝት ሆነና የአገር ልጅ ሁሉ መጣ። ለእኔ እንጂ ለድመት ቡና የተፈላ እንዳይመስላችሁ፤ ወይም በተቃራኒው፣ ማን ያውቃል። አንዲት እናታችን ለንደን ላለች እህታቸው በርበሬ በላስቲክ ቋጥረው አመጡ። ሌላዋ ልብስ። «ድመቷ ሻንጣ አልያዘችም፣ በእሷ ኪሎ ይታሰብልሃል» አሉኝ። ጓደኛዬ ሲሰናበታት ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እኔም ያላየ መሰልኩ።

አመላለሳችን በባሕር የሆነው ወደን አይደለም። የለንደኑ ፈጣን ባቡር ከመሪና ከረዳት ውሻ በቀር እንስሳ አይጭንም፤ በአውሮፕላንም እንግሊዝ የሚገባ ድመት በጭነት እንጂ ከባለቤቱ ጋር በመቀመጫ አይመጣም። ስለዚህ በሜትሮ እስከ ሁክ ኦፍ ሆላንድ፣ ከዚያ በሌሊት መርከብ ወደ ሃሪች። ከመሳፈራችን በፊት ወደቡ ላይ የቺፕ ማንበቢያውን በእጄ ሰጡኝ፤ በሽሮ ትከሻ ላይ ሳሳልፈው ጢጥ አለ፣ 528 ብሎ ቁጥሯን አወጣ። ማዛጋቷን አላቋረጠችም። ሃሪች ስንደርስ የእኔ ተራ ሆነ፤ የት ነበርክ፣ ለምን ሄድክ፣ ማን ጋ አደርክ፣ ሥራህ ምንድን ነው፣ ፈቃድህ እስከ መቼ ነው? ይህኛው ጠያቂ የእንግሊዝ ነው፣ በእናንተ አላሳብብም። ሽሮ ከሣጥኗ ውስጥ ሆና እንደ ዋሴ ስታየኝ ቆየች።

ባሕሩ ላይ ትዝ ያለኝን ልንገራችሁና ላብቃ። የድንበር ፍተሻን ያስቀረው ስምምነታችሁ ሰኔ 7 ቀን 1977 ዓ.ም. የተፈረመው፣ ሸንገን በምትባለው የሉክሰምበርግ መንደር አጠገብ፣ ሞዜል ወንዝ ላይ በቆመች ጀልባ ውስጥ ነው። ቤልጅየም፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድ፤ አምስት ናቸው፣ አንድ ሰው ይዞ እንዲጓዝ ከተፈቀደለት እንስሳ ጋር እኩል። ሦስት አገር የሚገናኝበት ውኃ ላይ ቆሞ «ድንበር ለምን ያስቸግረናል» ያለ ሰው፣ ወዳጁን ለመጠየቅ ሁለት ሌሊት የለመነውን ሰው ነገር መረዳት አያቅተውም ብዬ አምናለሁ።

በመሆኑም የቤት እንስሳት ፓስፖርት እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ማይክሮቺፑን በግራ ትከሻዬ ትቀብሩልኛላችሁ፤ አሻራዬን ወስዳችሁ የለ፣ ምን ይቀረኛል? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን እወጋለሁ፣ 21 ቀኑን እጠብቃለሁ። ኮሶ ካስፈለገም ችግር የለም፤ አያቶቼ በየሁለት ወሩ ሲጠጡ ኖረዋል፣ እኔም አላፍርበትም። የባለቤት ስም በሚለው መስመር ላይ «ሽሮ» ተብሎ ይጻፍልኝ። ከመካከላችን በእናንተ ዘንድ የታመነችው እሷ ናት።

ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ከቀልድ የወጣ ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። የሚያዝያውን ውሳኔ አንሡ። ከመንግሥታችን ጋር ያላችሁን ክርክር ከመንግሥታችን ጋር ጨርሱ፣ እኔንም በራሴ ወረቀት መዝኑኝ። ጉድለት ካገኛችሁ ከልክሉኝ፣ አልከራከርም።

ከሰላምታ ጋር
የሽሮ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፤ ደብዳቤው እናንተንም ይመለከታልና መልስ እንድትሰጡበት።