ውሃው ደውሎ ቀሰቀሰኝ

ወገኖቼ፣ ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሰው ሞቶ መርዶ ነው ብዬ እየተርበተበትኩ መነጽሬን ፈልጌ ባየው፣ ለካ ውሃ ነው። ውሃ! ላስ ቬጋስ ያለው ልጄ ጓሮው ያስቆፈረው መዋኛ ገንዳ «ክሎሪን አንሶኛል» ብሎ ለእኔ፣ ለቀጨኔው ሽማግሌ፣ አቤት ይላል። «አባባ፣ እርስዎም እንዲያዩት» ብሎ ባለፈው ሲመጣ ስልኬ ላይ የጫነብኝ ጉድ ነው።

ገንዳው ላይ የተገጠመው ማሽን ምን ይሠራል ካላችሁኝ፣ ገንዳው ውስጥ ጨው ይበተናል፤ በሊትር ከ3 እስከ 4 ግራም። ኤሌክትሪክ የሟሟውን ጨው ክሎሪን ያደርገዋል፤ ክሎሪኑም ጀርሙን ፈጅቶ ሲያበቃ ተመልሶ ጨው ይሆናል። እኔን ያንገበገበችኝ ጨው ናት። ከአፋር በግመል ተጭና፣ አሞሌ ተብላ፣ እንደ ብር ስትመነዘር የኖረች ጨው! አያቶቼ በግ ገዙባት፤ ልጄ ውሃ ያጥብባታል።

በእኛ ጊዜ የውሃ ማሽን እናቴ ነበረች። ሸክላ ሠሪ ናትና እንስራዋን ራሷ አበጅታ፣ ራሷ ተኩሳ፣ በወይራ ጭስ አጥና ከምንጭ ትቀዳበት ነበር። ምኒልክ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ቤተ መንግሥት ሲያስገቡ ቅድመ አያቴ «በብረት ሆድ የሄደ ውሃ ጣዕም የለውም» ብለው ነበር አሉ። ልክ ነበሩ። የቀጨኔ ወንዝማ ያኔ መስታወት ነው። ከላይ ልብስ በእንዶድ ይታጠባል፣ መሃል ላይ ከብት ይጠጣል፣ ከታች እኛ እንዋኛለን፤ የታመመ ሰው አልነበረም። ሆድ ቁርጠት ነበር እንጂ ማን ታመመ? እሱም በዓመት ሦስት አራቴ ነው፤ ፌጦ ይጠጡበትና ያልፋል። ያላለፈለትም ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። አሜባና ጃርዲያ የመጡት ኋላ ከላቦራቶሪ ጋር ነው።

ክሎሪንም ቢሆን የድሮው! ጎረምሳ ሳለን ከተማ ወርደን ሆቴል መዋኛ ስንገባ ሽታው ከበር ይቀበለን ነበር፤ ስንወጣ ዓይናችን በርበሬ ነው። ንጹሕ ውሃ ማለት ያ ነው። ይህን ለልጄ ብነግረው ሳቀብኝ። ያ ሽታ ክሎሪን ከዋናተኛ ላብና ሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣ ነው አለኝ። እንዴ፣ የሰው ትዝታ እንዲህ ይበከላል? (እኔ በበኩሌ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።)

እዚህ ቤት ማሽን የለም። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ በውድቅት ተነስቼ ሮቶዬን እሞላለሁ። ጠዋት 20 ሊትር ጀሪካን ቀድቼ፣ ውሃ አጋር የሚሉትን የውሃ ማከሚያ በክዳኑ ለክቼ ጠብ አድርጌ፣ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ትዕግሥት ይሉሃል ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ ታዲያ የልጄን ገንዳ በስልክ አያለሁ። ፒኤች የሚሉት ነገር አለ፤ ከ7.8 ካለፈ ክሎሪኑ ይለግማል። የዚያ አገር የበረሃ ፀሐይም ክሎሪን ትበላለች። ዛሬ ጠዋት 7.9 ቢሆንብኝ ደወልኩለት።

«አባባ፣ እዚህ እኮ እኩለ ሌሊት ነው። ማሽኑ ራሱ ያስተካክለዋል።»

ማሽኑ! ውሃውን ያህል ነገር ለማሽን አደራ ሰጥቶ የሚተኛ ልጅ ነው የወለድኩት። ይኸው ደግሞ ጮኸ። ቆዩኝማ… 8 ገባ! እሱ እንደሆነ አያነሳም።