የማይታይ ቆሻሻ ጠራጊዎች

ሀርጌሳ ውስጥ የሚጠረግ ነገር ጠፍቶ አያውቅም። በሐጋ ወራት ነፋሱ ሲነሳ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ ላይ ይቀመጣል፣ ተቆልፎ የከረመ ሻንጣ ውስጥ ካለ ካፖርት ይራገፋል። ይህን አቧራ የሚጠርግልኝ ወጣት ግን እስከዛሬ አላገኘሁም። መጥረጊያ ያዝ ሲሉት ወገቡን የሚያመው ሁሉ ኮምፒውተሬን ሲያይ ብቻ እጅጌውን ይሰበስባል። "ሬጅስትሪው ቆሽሿል" ይላል። የት አየኸው? ሸተተህ ወይስ በእጅህ ነካኸው? እኛ የሚታየውን ቆሻሻ በነጻ ስንጠርግ አረጀን፤ የዛሬ ልጅ የማይታየውን ለማስጠረግ ዶላር ይከፍላል።

እኔ ከድሬዳዋ የመጣሁ ሽማግሌ ነኝ። እዚህ ላሉት የሀገሬ ልጆች ማመልከቻ፣ ውክልናና የዕርቅ ውል እጽፋለሁ። መተዳደሪያዬ አንዲት ያረጀች ላፕቶፕ ናት። ቁልፏን ተጭኜ ስትነሳ ቡናው ተወቅጦ፣ ተፈልቶ አቦሉ ተጠጥቷል። ይህ ለእኔ ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ቡናውን እንደሆነ ለማንኛውም መጠጣቴ አይቀርም። ችግር የሆነው ለእህቴ ልጅ ነው።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ያውቃል ይባላል። የሚያውቀው፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለውን ሁሉ ሳያነብ "እሺ" የሚለውን መጫን ነው። እናቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ለምናው አንድ ጊዜ እሺ አላላትም፤ ከየት እንደመጣ ለማያውቀው ፕሮግራም ግን ታዛዥነቱ የመነኩሴ ነው። አንድ ቀን ለጸሎት ወጣ ብዬ ስመለስ ላፕቶፔ ላይ አንድ ማጽጃ ጭኖ ጠበቀኝ። ስክሪኑ ቀልቷል። 1,143 ስህተት ተገኝቷል ይላል፣ በቃለ አጋኖ።

"ጋሼ፣ አዩት? በዚህ ሁሉ በሽታ እስካሁን እንዴት ቆመች?"

"እኔስ ስኳርና ደም ግፊት ይዤ ቆሜ የለ?" አልኩት። አልሳቀም። እነዚህ ልጆች ቁጥር ሲያዩ ሳቅ ይጠፋቸዋል።

ቁጥሩ የሚያስደነግጠው ሀርጌሳን ያላየ ሰው ነው። መሃል ከተማ፣ የሚጉ አውሮፕላን ሐውልት ወዳለበት ወጣ ቢባል፣ ዘርዛሪዎቹ የሽልንግ እስራቱን አስፋልት ዳር እንደ ጡብ ደርድረውት ይገኛል። አንድ ዶላር የሰጠ ሰው ሽልንግ በሺዎች ይቀበላል። እንግዳ ሰው ባለጸጋ የሆነ ይመስለዋል፤ ምሳ በልቶ ሲከፍል ነው የሚገባው። የማጽጃው 1,143 እንዲሁ ያለ ሀብት ነው። አያያዙ ደረት ያስነፋል፣ ሲመነዘር ምሳ አይሞላም።

እንመንዝረው እንግዲህ። ሬጅስትሪ የሚባለው ዊንዶውስ ስለ ራሱና ስለተጫኑበት ፕሮግራሞች የሚጽፍበት ቦታ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ማስታወሻ በየፋይሉ ይበትን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዊንዶውስ 3.1 ጋር ሬጅስትሪ በትንሹ ተጀመረ፣ በዊንዶውስ 95 ጊዜ ሁሉን ጠቀለለ። ፕሮግራሙ ሲጫን የት እንደተቀመጠ፣ የትኛውን ዓይነት ፋይል እንደሚከፍት፣ የፈቃድ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ እዚያ ያሰፍራል። ሲነቀል ደግሞ አንዳንዱን መስመር ሳይሰርዝ ይሄዳል። "ስህተት" ተብላ በቀይ የምትጻፈው ይህች የተረሳች መስመር ናት። ማንንም አትናገርም። ዊንዶውስ አንድ ነገር ሲፈልግ በአድራሻው ቀጥታ ወደሚፈልገው ይሄዳል እንጂ ሙሉውን ሬጅስትሪ ከጥግ እስከ ጥግ እያነበበ አያልፍም። የአንዷ መስመር ክብደት ደግሞ ጥቂት ባይት ነው። 1,143ቱም ተጠራርገው ቢወጡ በስልክ የተነሳች አንዲት የሠርግ ፎቶ አያክሉም። የእህቴ ልጅ ደግሞ በዚያችው ላፕቶፕ ላይ የሦስት ሠርግ ሙሉ ቪዲዮ አስቀምጧል፤ እሱን ቆሻሻ ያለው የለም።

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። ማርክ ሩሲኖቪች የሚባል፣ የዊንዶውስን ሆድ ዕቃ እየዘረገፈ በማሳየት የታወቀ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለዚሁ ትርፍራፊ ጽፎ ነበር፤ ሬጅስትሪው ከልክ በላይ ቢያብጥ እንኳ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ይህን ያህል አይነካውም ብሎ። ማይክሮሶፍት በዓመቱ የሰውዬውን ኩባንያ ገዝቶ እሱንም ወሰደው፤ ስለማያውቀው ነገር ቢያወራ ኖሮ አይወስዱትም ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱም ጻድቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሬግክሊን የሚል ማጽጃ ሲያድል ነበር፣ ኋላ ሰበሰበው። አሁን አቋሙን በጽሑፍ አስቀምጧል። የሬጅስትሪ ማጽጃ መጠቀምን አይደግፍም፣ ችግር ቢመጣ መፍትሔ ይገኝለታል ብሎ ዋስ አይሆንም፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እስከ መጫን ሊያደርስ ይችላል ይላል። የቤቱ ባለቤት አትንኩት ያለውን ግድግዳ መንገደኛ ካልደረመስኩ ይላል።

ይህን ሁሉ ለልጁ ሳስረዳ እሱ "አጽዳ" የሚለውን ተጭኖ ጨርሷል።

በማግስቱ አንድ የሀገሬ ሰው ወንድሙ ቤት እንዲሸጥለት ውክልና ሊያጽፍ መጣ። የድሮውን ቅጽ ከፈትኩ። አማርኛው የለም። የላቲን ፊደል፣ ሠረዝ፣ የጥያቄ ምልክትና የዶላር ምልክት ተደበላልቆ ተዘርግቷል። እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉት የቀድሞ መጻፊያዎች የተሠራ ሰነድ እንዲህ ነው፤ ፊደሉ ከስር በላቲን ፊደላት ኮድ የተቀመጠ ስለሆነ ፎንቱ ከተነጠቀ ልብሱ ይወልቃል። ሰውየው አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ዶላር ምንድነው? ዋጋ ጨመሩ እንዴ?" አለኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ቦታ ስለሚጠብብኝ የአማርኛ ፎንቶቼን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጌ ከዚያ ነው የማስነሳቸው። ልጁ ሲያጸዳ ዲስኩ አልተሰካም፣ መሳቢያዬ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ማጽጃው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። መስመሩ የሚጠቁመው ፋይል ከተባለበት ቦታ ካልተገኘ ሞቷል። ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ይመለሳል አይልም። እንዲህ ያለ ዳኛ ድሬዳዋ ቀበሌ ቢሾም እኔንና እዚህ ያለነውን ስደተኛ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ቀብሮን ርስታችንን ያከፋፍል ነበር።

ማጽጃው ከመሰረዙ በፊት የሬጅስትሪው መጠባበቂያ ቅጂ ይቀመጥ እንደሆነ ይጠይቃል። ጠይቆታልም። ያ ልጅ፣ ኮምፒውተር ያለውን ሁሉ እሺ የሚለው ልጅ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩን "አይ" ያለው እዚህ ላይ ነው። ጊዜ ይፈጃል ብሎ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ቀድሞ ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ የሬጅስትሪውን ቅጂ ሬግባክ በሚባል ፎልደር ያኖር ነበር። የዊንዶውስ 10 እትም 1803 ከመጣ ወዲህ ግን ዲስክ ልቆጥብ ብሎ ትቶታል፤ ፎልደሩ አለ፣ ፋይሎቹ ስም ብቻ ናቸው፣ ሲመዘኑ ዜሮ። ወደ ኋላ የሚመልሰው ሲስተም ሪስቶር ቀርቶልኝ ነበር፤ እሱንም ከዚያ በፊት ቦታ ይበላል ብሎ አጥፍቶት ኖሯል። ቦታውን ለሠርጎቹ ፈልጎት ነው።

የሚያናድደኝ የልጁ አለማወቅ አይደለም። ልጅ ነው። የሚያናድደኝ እያስፈራሩ የሚበሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፊስ ዴፖ የሚባለው የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ መደብርና ሰፖርት ዶት ኮም የተባለ አጋሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ከመንግሥታቸው የንግድ ኮሚሽን ጋር ታርቀዋል። ነጻ የኮምፒውተር ምርመራ እናደርጋለን ይሉ ነበር። ምርመራው የሚጀምረው ባለቤቱን በመጠየቅ ነው። ይዘገያል ወይ? የማይፈለግ ማስታወቂያ ይመጣል ወይ? ከጥያቄዎቹ አንዱ ላይ ምልክት ከተደረገ ማሽኑ ውስጥ ምንም ይኑር ምንም ውጤቱ የቫይረስ ምልክት ተገኘ ነው፤ ከዚያ ጥገናው በገንዘብ። አሞኛል ያለውን ሁሉ ታመሃል ማለትን ማን ያቅተዋል! እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የሚባሉ ሁለት የቆጵሮስ ኩባንያዎች በዚያው ኮሚሽን ተከሰው 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ እነሱም ኮምፒውተርህ በመቶዎች የሚቆጠር ችግር አለበት እያሉ ነው ሰውን የገፈፉት። ማይክሮሶፍት እንኳ ታክቶት እ.ኤ.አ. ከማርች 2018 ጀምሮ በማስፈራሪያ መልእክት የሚያስከፍሉ ማጽጃዎችን ዲፌንደር የሚባለው ጸረ ቫይረሱ እንዲያስወግዳቸው አድርጓል። ጠራጊን የሚጠርግ ሌላ ጠራጊ አስፈለገ ማለት ነው።

"ጋሼ፣ እነዚያ የማይታወቁ ናቸው፤ የታወቀውን እንጭናለን" አለኝ ልጁ። የታወቀውማ ሲክሊነር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አጋማሽ ጸረ ቫይረስ ሠሪው አቫስት ባለቤቱን ፒሪፎርምን እንደገዛ ሰሞን፣ ሰርጎ ገቦች የፒሪፎርምን ቤት ከውስጥ ገብተውበት እትም 5.33 ላይ የኋላ በር ቀበሩበት። የኩባንያው ፊርማ ያለበት፣ ከራሱ ከኩባንያው የሚወርድ፣ ሕጋዊው ፋይል ነው እኮ! መስከረም ላይ ነገሩ ሲገለጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተር አውርዶታል። ሰርጎ ገቦቹ ዋና ዓላማቸው ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስለነበሩ ተራው ሰው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ተጠንቅቀው ይሆናል፤ አልፈርድም። እኔ የምለው ለማያስፈልግ ሥራ ቤቴን ከፍቼ ማንንም አላስገባም ነው፣ ጨዋም ቢሆን።

ደግሞ ይህ ሞኝነት ሀርጌሳ ላይ መሆኑ ይገርመኛል። ይህ ከተማ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማዋን ከመደብደባቸው በፊት የሬዲዮ ሀርጌሳ ሰዎች የሙዚቃ ክሮቻቸውን ወስደው ደበቁ፣ መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ጎረቤት ሀገር አሻገሩ። ያን ጊዜ አንድ ማጽጃ ቢጠየቅ ቴፑ የሚጫወትበት ጣቢያ የለም፣ ይሰረዝ ይል ነበር። ዛሬ የሀርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴት አከማችቷል፤ ከዚያ ክምችት የወጣ አንድ አልበምም ለግራሚ ታጭቷል። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ከተማ ልጅ አንዲት የአማርኛ ፎንት ይሰርዝብኛል! እርግጥ የኔው እህት ልጅ ከድሬ ነው የመጣው፤ ሀርጌሳን ምን ላርጋት።

መጨረሻ ላይ ላፕቶፒቱን ይዤ ጎረቤቴ ወዳለ የሱማሌ ቴክኒሻን ሄድኩ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ ቴክኒሻን ወዳለበት ሂዱ እላለሁ። "አዴር (አጎቴ ማለቱ ነው)፣ ቁጭ በል" አለኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ዳቦውን ጎርሶ ጀርባዋን ፈታ። ከማራገቢያዋ ስር የወጣውን አቧራ ብታዩ! የሐጋውን ነፋስ ለብቻዋ ስትውጥ የኖረች ነው የምትመስለው። አየር ማግኘት ሲያቅታት እንዳትቃጠል ራሷ ትዘገያለች። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ፣ ስትነሳ አብረዋት የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አሳየኝ። ግማሹን ጭራሽ አላውቀውም፤ አንዱ ያው ማጽጃ ነው፣ ቡናዬ እስኪፈላ ከሚያስጠብቁኝ ውስጥ ተሰልፏል። አጠፋቸው። የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ አደረገላት፣ ራም ጨመረላት፣ ዊንዶውሱን አዲስ ጫነ፣ ፎንቶቼን ከውጭው ዲስክ መለሰልኝ። ሬጅስትሪ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔው ጠየቅኩት።

"የተበላሸ ፕሮግራም ቅሪቱ እንዳይጫን ከከለከለህ" አለኝ በተሰባበረ አማርኛው፣ "ያቺን አንዷን ፈልገህ፣ ኮፒ አስቀምጠህ ታጠፋለህ። አንዷን። ሺውን ምን አደረገህ?"

በዛድ ከፈልኩት። እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ ከመጣ ወዲህ እዚህ ሀገር በስልክ የማይከፈል ነገር ስለሌለ ሽልንግ መቁጠሩ ቀርቶልኛል። ላፕቶፒቱ አሁን የምትነሳው ረከቦቱ ሳይቀርብ ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ደንበኛ ሲመጣ "ትንሽ ቆዩ፣ እስክትነሳ" እያልኩ የማስጠጣው ቡና ምክንያት አጣ።

የእህቴ ልጅ አላፈረም። ትናንት ስልኬን ከእጄ ወስዶ "ጋሼ፣ ራሙ ሞልቷል፣ ማጽጃ ልጫንልዎት" አለኝ። አንድሮይድ ማህደረ ትውስታውን ራሱ እንደሚያስተዳድር፣ የተገደለው አፕ ተመልሶ ሲነሳ ባትሪ የሚበላ መሆኑን ነገርኩት። አልሰማኝም፤ ጣቱ "እሺ" የሚለውን እየፈለገ ነው። ስልኬን ነጠቅኩትና መጥረጊያውን ሰጠሁት። ወገቡን አመመው።