መሶብ ሳይነጥፍ የሚከርምበት ዘዴ
ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ባለትዳሮች

እኅት ዓለም፣ ኑሮ መወደዱን እናውቃለን። ከመሐል ሜዳም ሆነ ከዓለም ከተማ ገበያ የሚመለስ ሰው ፊቱ ይናገራል። አይዞሽ። ቤት የሚጎድለው ዘዴ ሲጎድል ነው። እነዚህን ምክሮች በተራ ፈጽሚ፤ እንግዳ ፊት አታፍሪም።

1. ገብሱን ደልድዪ። ከአውድማ የገባውን በቁና ስፈሪ። አስቀድመሽ ዘሩን ለይተሽ አስቀምጪ። ቀጥለሽ የማኅበሩንና የሰንበቴውን ጠላ እህል አውጪ፤ ተራ የደረሰው ጽዋ አይዘለልም። ከዚያ የማዳበሪያውን ዕዳ ክፈዪ። የተረፈው በሙሉ የቤተሰቡ ነው። ምንም ካልተረፈ አትደንግጪ፤ ሌሎቹ ምክሮች የተዘጋጁት ለዚሁ ነው።

2. እህል በጊዜው ሽጪ። ጊዜው ታኅሣሥና ጥር ነው። ያኔ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ባለዕዳም የሚጠየቀው ያኔ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ መልሰሽ ግዢ። ያኔ ሁሉም ስለሚገዛ ዋጋው ይወጣል። ስለ ልዩነቱ አትጨነቂ፤ ነጋዴው በጥንቃቄ ይዞታል። በልጉ ከዘነበ የበልግ ገብስ ይደርስልሻል። ካልዘነበ ምክር ቁጥር 5ን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።

3. ማገዶ ቆጥቢ። ደጋው ላይ እንጨት ብርቅ ስለሆነ ኩበት አንድጂ። ፍጉ ማሳ ላይ ቢበተን ገብሱን ያፋፋው ነበር፤ ግን ምጣድ ካልጋለ እንጀራ የለም። ማሳው ሲከሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ በዱቤ ውሰጂ። ዱቤው በምን እንደሚከፈል ከጠፋሽ ምክር ቁጥር 1ን ደግመሽ አንብቢ።

4. እንቁላሉን በአግባቡ ተጠቀሚበት። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን እንቁላል አይበላም፤ ስለዚህ ሽጪው። በፍስክ ደግሞ ሁሉም ስለሚፈልገው ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ ሽጪው። በገንዘቡ ጨው፣ ዘይትና ደብተር ግዢ። ልጅሽ ደብተሩ ላይ «እንቁላል ገንቢ ምግብ ነው» ብሎ ይጽፍበታል።

5. የገበታውን ተራ አክብሪ። መጀመሪያ እንግዳ ይብላ። ቀጥሎ አባወራው። ከዚያ ወንዶቹ ልጆች፤ ከብት ሲጠብቁ ውለዋል። ሴት ልጅሽ ውኃ ስትቀዳና ኩበት ስትጠፈጥፍ ስለዋለች ትንሽ ብትቆይ ግድ የለም፤ ያው የቤት ሥራ ነው። አንቺ መጨረሻ ነሽ። «ነይ አብረን እንብላ» ካሉሽ «ወጡን ስቀምስ ጠገብኩ» በይ። ሁሉም እጁን ሲታጠብ ድስቱን ወደ ምድጃው ብርሃን አዘንብለሽ እዪው። ጠርዙ ላይ ሽሮ ደርቆ ይገኛል። በቁራሽ እንጀራ ዙሪያውን ጥረጊው፤ የደረቀውን በጥፍርሽ ፈልፍዪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽም ተራው አይለወጥም፤ የምትቀምሺው ለሁለት ሰው ነው።

የመንዝ አባቶች የጓሳን የሳር ምድር ቄሮ በሚባል የአጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ ሳሩ እስኪያገግም ያሳርፉት ነበር። ዛሬም ድረስ የሚደነቅ ጥበብ ነው። የተሠራው ግን ለሳር ነውና ወደ ማጀት አታስገቢው።

6. ለተዝካር ተዘጋጂ። ቤት ውስጥ የታመመ ሽማግሌ ካለ ዶሮ ለማረድ አትቸኩዪ፤ ዶሮ ውድ ነው። አጥሚት ይበቃዋል። ያረፈ እንደሆነ ግን አትሰስቺ። ለአርባው በሬ ይጣል፣ ጠላው በጋን ይጠመቅ፣ ቄሱም ደብተራውም ጎረቤቱም ይጥገብ። ገንዘብ ካነሰ ተበደሪ። ለዶሮ ያላበደረሽ ሰው ለተዝካር አይነፍግሽም። ሟች በመጨረሻ ሳምንቱ መረቅ አምሮት ከነበረ በዚያ ቀን አታንሺው፤ ድግሱን ያደበዝዘዋል። የታረደው የእርሻ በሬ ከሆነ በሚቀጥለው ክረምት የሰው በሬ አቀናጂና ከምርቱ አካፍዪ። አሁንም ምክር ቁጥር 1ን ተመልከቺ።

7. ከሴፍቲኔት ጋር ተስማሚ። ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለልሽ። ከታቀፍሽ ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን እርከን ሥሪ፣ መንገድ ጥረጊ፤ 15 ኪሎ እህል ወይም ዋጋውን ትቀበያለሽ። ለ30 ቀን ስታካፍዪው ለቀን ግማሽ ኪሎ ይደርሳል። ድጋፉ ለ6 ወር ነው። ዓመታችን 13 ወር መሆኑን ለሒሳብ ሠሪዎቹ አታንሺባቸው፤ ሥራ ይበዛባቸዋል። የጥር ወር እህል በመጋቢት ከመጣ አትማረሪ። ልጆቹ የጥርን ረሃብ እስከ መጋቢት እንዲያቆዩት ብቻ ምከሪያቸው። በጎችሽ ረብተው ጥሪትሽ በቂ ነው ከተባለ ደግሞ ትመረቂያለሽ። መመረቅ ማለት ድጋፉ መቆሙ ነው። እልል በይ። በጎቹን ለእህል መግዣ ሸጠሽ ስትጨርሺ እንደገና ለመመልመል ብቁ ትሆኛለሽ።

8. መዝገብ ያዢ። በአንድ በኩል የገባውን፣ በሌላ በኩል የወጣውን ጻፊ። ዘሩ፣ ጽዋው፣ ዕዳው፣ ተዝካሩ፣ የእንግዳው እራት፣ ሁሉም በስሙ ይግባ። በመጨረሻ ጥቂት እህል እንደጎደለ ታያለሽ። ከማን ድርሻ እንደጎደለ አትመዝግቢ። ስም የሌለው ጉድለት ቁጠባ ይባላል፤ ባልሽም «ቆጣቢ ሚስት አለችኝ» ብሎ ይመካብሻል።

9. ልጅሽን ቀድመሽ አስተምሪ። ዘዴው ካንቺ ጋር እንዳይቀር። ገና በልጅነቷ ወንድሞቿ «ጨምሩልን» ሲሉ እሷ «በቃኝ» ማለትን ትልመድ። መጀመሪያ ትንሽ ታለቅስ ይሆናል። አባብያት፣ ፀጉሯን ሠርተሽ ቅቤ ቀቢያት፤ ቅቤው ከተሸጠም ምረቂያት። ትምህርቱ ከገባት ካንቺም ትበልጣለች። አንቺ ለመጥገብ ወጡን መቅመስ ነበረብሽ፤ እሷ ሳትቀምስም ትጠግባለች።