ችካል ከመትከልዎ በፊት

ወደ ጎጃም ገጠር የተመደቡ ቀያሽ ከሆኑ ከጂፒኤሱ በፊት ሆድዎን ያዘጋጁ። የዚህ ሙያ ሥነ ምግባር ከማሳ ይልቅ ምሳ ላይ ይፈተናል። መሬቱን የለኩለት አባወራ “እንዲያው አፍዎን ቢያሟሹ” ብሎ እጅዎን ይይዛል። ቢገቡ፣ ከድንበሩ ማዶ የቆመው አዋሳኝ ስንት ጊዜ እንደጎረሱ ይቆጥራል። እምቢ ቢሉ እህል የናቀ ይባላሉ። ስለዚህ ስንቅ ይያዙ፤ ካልሆነም በሁለቱም ቤት እኩል ይብሉ። በአንደኛው ቤት ድንች፣ በሌላው ዶሮ ከቀረበልዎት ግን እኩልነቱ ፈርሷልና ሥራውን ለባልደረባ ያስተላልፉ። ሪፖርቱ ላይ “የጥቅም ግጭት” ብለው ይጻፉ፤ “ዶሮ” ብለው አይጻፉ። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ን ከላይ እስከ ታች ቢያገላብጡት “ለሻይ” ለሚባለው የተለየ አስተያየት አያገኙም።

ዝምድናም ካለዎት ያሳውቁ። የሥጋውን፣ የጋብቻውን፣ የአበልጁን፣ የማኅበርና የዕቁቡን ሁሉ። የአካባቢው ልጅ ከሆኑ ዝርዝሩ ከልኬታው መዝገብ ሊረዝም ይችላልና ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቁ።

“ጠንካራ ደንብና የበላይ ተቆጣጣሪ ቢኖረን ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ” ይሉ ይሆናል። መልካም፤ ለንደንን እንይ። ሮያል ኢንስቲትዩሽን ኦፍ ቻርተርድ ሰርቬየርስ የሚባለው የቀያሾችና የንብረት ገማቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1868 ተቋቁሞ በ1881 የንግሥት ቪክቶሪያን ቻርተር አግኝቷል። ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት የሥነ ምግባር ደንብ አምስት ብቻ ነው፦ ታማኝ ሁን፣ ሥራህን እወቅ፣ በትጋት አገልግል፣ ሰው አክብር፣ የሕዝብን ጥቅም አስቀድም። የሚደነቅ ነው። ይሁንና ደንቡ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ2021፣ አሊሰን ሌቪት የተባሉ የሕግ ባለሙያ ያቀረቡት ምርመራ ማኅበሩ ስለ ገንዘብ አያያዙ የቀረበ የኦዲት ሪፖርትን አንስተው የጠየቁ አራት የቦርድ አባላትን ያለ አግባብ ማሰናበቱን አጋለጠ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም ሥራቸውን ለቀቁ። እንግዲህ ለሌላው ደንብ የሚያወጣው እንዲህ ከሆነ፣ እርስዎ ደንቡን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ብቻ ልብዎ እንዳይረጋ።

ገበሬው ሲያይዎት ፊቱን ቢያጠቁር አይቀየሙ። ጎጃም መሬት ይለካ በተባለ ቁጥር ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ የሚሰጋ አገር ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣም አምጿል። ያንን የሚያስታውሱ ሽማግሌ ከማሳው ዳር ተቀምጠው መሣሪያዎን ሲመለከቱ፣ የሚያዩት ቻይና ሠራሽ ሳጥን ሳይሆን የድሮውን የመሬት መለኪያ፣ የቃላድ ገመድን ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ሦስት ሜትር ቢስት ብርቅ አይደለም። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ሃምሳ በሃምሳ ሜትር ነው እንበል። በአንዱ ጎን ሦስት ሜትር ከተገፋ 150 ካሬ ሜትር ወደ ጎረቤት ሄደ፤ ከመቶ ስድስት እጅ መሆኑ ነው። እርስዎ “የመሣሪያ ስህተት” ይሉታል። ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ እዚህ አይጻፍም። ስለዚህ መሣሪያው የማያውቀውን አያውቅም ማለት ይልመዱ።

በአዊ ዞን ደግሞ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ አለ። ለከሰል የተተከለው ደን ሲጋጠም፣ ከአየር በተነሣው ፎቶ ላይ የሁለት ጎረቤት ዛፍ አንድ ምንጣፍ ይሆናል፤ ወሰኑ የት እንደሆነ ቅጠሉ አይናገርም። በቀን ይህን ያህል ማሳ ጨርስ የሚል አለቃ ካለብዎ፣ ሻይ ቤት ተቀምጠው ፎቶው ላይ መስመር ማስመር እጅግ ያጓጓል። ጭቃ የለውም፣ ውሻ የለውም፣ አበሉም አይቀንስም። አይነሡ፤ ሁለተኛውን ሻይ ይዘዙ። የሁለቱ ቤተሰቦች ልጆች ለሃያ ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የሚጠጡት ሻይ ግን በእነሱ ሒሳብ ነው።

ሌላ ደግሞ፦ በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይሰፍራል። ባል ሲያስረዳ ሚስት ዝም ካለች እርሷንም ይጠይቁ። ገበያ ሄዳለች ከተባለም የገበያው ቀን ሲያልፍ ተመልሰው ይምጡ። የገበያውን ቀን አጥንተው መርጠው የሚጠሩዎት አባወራዎች እንዳሉ ሲደርሱበት፣ ሥራዎን በሚገባ መልመድ ጀምረዋል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ካርታው ለሕዝብ እይታ ሲለጠፍ እርስዎም እዚያው ይገኙ፤ በዚያ ቀን ወረዳ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ አይፈልጉ። አንዱ መጥቶ “ዋርካዬ ወደ እርሱ ሄደ” ሲልዎት ያስተካክሉለት። በተለይ “ሲስተሙ ነው” አይበሉ። ሲስተም የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤቱም በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቅዎታል፤ መልስ ካላገኘም ወደ እርስዎ ቤት ይመጣል።